ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ቁልፍ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀን ቀን እንደማንኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ሲቪ አዘጋጃለሁ፣ የቤት ኪራይ ውል እተይባለሁ፣ የተማሪ አሳይመንት ፕሪንት አደርጋለሁ። ማታ ግን አንዳንዴ ስልክ ይደወላል። ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ። የደዋዩ ድምፅ ሻከር ብሎ «ጋሼ ይቅርታ፣ በዚህ ሰዓት አስቸገርንዎት» ሲል ነገሩ ይገባኛል። ሰው አርፏል። ቀብሩ ነገ ነው። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል።

ወደዚህ ነገር የገባሁት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሰዎች በእጅ የጻፉትን ይዘው ይመጡ ነበር፤ እኔ እተይባለሁ። ቆይቼ ፊደል ማረም ጀመርኩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ማስተካከል መጣ። ከዚያ «አንተው ጻፈው፣ ታውቅበታለህ» ተባልኩ። ዘንድሮ 14 ዓመቴ ነው። ገንዘብ አልቀበልበትም፣ የወረቀቱንም ቢሆን።

ልብ ወለድ ማንበብ እወዳለሁ። ስለ አጻጻፍ ጥበብ የተጻፈ ነገር ሳገኝም አላልፍም። አንባቢን መያዝ ምን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ግን ለቅሶ ቤት ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ወዶ ነው የተቀመጠው፤ ገንዘቡን አውጥቶ ገዝቶታል። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደክሞታል። ሌሊቱን ሲያስተዛዝን አድሯል። ፀሐዩ ሸራውን አልፎ ይጠብሰዋል። ስልኩን ይነካካል፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያወራል። በዚያ ላይ የሚነበበውን ገና ሳይነበብ ያውቀዋል።

እናንተም ታውቁታላችሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር በይርጋለም ከተማ በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ከዚያ ጋብቻ ይመጣል። ከዚያ የልጆች ቁጥር። ከዚያ «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ»። ከዚያ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው»። እዚህ ላይ ሴቶቹ ማልቀስ ይጀምራሉ፣ ወንዶቹ ለመነሳት ይዘጋጃሉ።

ይህን ቀመር አልንቀውም። ሰው በሐዘን ጊዜ የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል፣ የታወቀ ቃል ደግሞ ይደግፋል። እዚህ ሐዋሳ ደግሞ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ብዙ ይናገራል። ከተማችን የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዕድሜ ጠግበው ከሚያርፉት ብዙዎቹ ሌላ ቦታ የተወለዱ ናቸው። አንዱ ይርጋለም፣ አንዱ ወላይታ፣ አንዱ ጉራጌ፣ አንዱ ሸዋ። የአካባቢው ሲዳማም ቢሆን ብዙው ከገጠር ቀበሌው ወደ ከተማዋ የገባ ነው። የትውልድ ቦታ ሲነበብ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ቀና ይላል። የሀገሩን ስም ሰምቷል። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያው የለመደው ስለሆነ ግን ተመልሶ ያቀረቅራል።

የዛሬ 8 ዓመት ገደማ ነው። ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ የሚኖሩ አንዲት እናት አረፉ። ግቢያቸው ውስጥ በረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ነበሯቸው። ማታ ልጃቸው ጠራችኝ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ደብተሬን አወጣሁ፣ ቀኖቹን ጻፍኩ፣ የልጆቹን ቁጥር ጻፍኩ። «ጠባያቸውስ?» አልኳት።

«ደግ ነበረች» አለች።

ጻፍኩት። ከዚያ እጄ ቆመ። በዚያ ሳምንት ብቻ ይህን ቃል ስጽፍ ሦስተኛዬ ነበር።

«ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳት።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«ደግ ነበረች ስትይ፣ ምን ሲያደርጉ ነው ፊትሽ ላይ የሚመጣው?»

ዝም አለች። ተነስታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና የእናቷን ነጠላ ይዛ ወጣች። ያረጀ፣ ጥለቱ የደበዘዘ ነጠላ ነው። አንዱ ጫፍ ተቋጥሯል። ቋጠሮው የሕፃን ጡጫ ያህላል። ስቀበላት ከበደኝ፣ ውስጡም ተንቃጨለ። የተከራዮቹ ቁልፍ ነው። 7 ቁልፍ። ከተከራዮቹ አንዳንዶቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ ልጆች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ተማሪዎች። ቁልፍ ይጠፋባቸዋል፣ ይረሳሉ። ስለዚህ የሁሉንም ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ይዘዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን በር ላይ «እማማ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ነጠላቸውን ደርበው ይወጣሉ። መብራት አያበሩም። ቁልፎቹን በጣታቸው ዳብሰው የትኛው የማን እንደሆነ ይለያሉ።

ያን ሌሊት የጻፍኩትን እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። «የ7 ተከራዮችን ቁልፍ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ያድሩ ነበር። ቋጠሮው አሁንም አልተፈታም።»

በማግስቱ የዕድሩ ጸሐፊ አነበበው። እዚያ ሲደርስ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ስለ ሲሚንቶ ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች አቆሙ። ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ቁልፉን የነካ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደጋግሜ አሰብኳቸው። ምንድን ነው የሠሩት? ቃላቸው ተራ ነው። ቅኔ የለበትም፣ ያማረ አነጋገር የለበትም። ቀስ ብሎ የገባኝ ይህ ነው። «ደግ ነበሩ» ስል ፍርዱን ጨርሼ ለአድማጩ እሰጠዋለሁ። ለእሱ የቀረው እሺ ማለት ብቻ ነው። ለቅሶ ላይ ሁሉም እሺ ይላል፣ ወዲያው ይረሳል። ቁልፎቹን ስነግረው ግን ምስክሩን ብቻ ነው ያቀረብኩለት። ፍርዱን የሚሰጠው እሱ ራሱ ነው። ሰው ደግሞ ራሱ የደረሰበትን ነገር አይረሳም። አይጠራጠርምም።

ሌላው ግሱ ነው። የሕይወት ታሪክ ከላይ እስከ ታች ነበሩ፣ ነበሩ፣ ነበሩ እያለ ነው የሚሄደው። ጆሮ ይለምደዋል፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። በመካከል «አልተፈታም» ሲመጣ ዝናቡ ቀጥ ይላል። ነጠላው አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ከድንኳኑ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ አለ። እሳቸው የሉም።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው እላለሁ። «ልጁ አባቱን ከ20 ዓመት በኋላ ሐይቁ ዳር…» ብዬ ባቆም፣ አገኘው? ቀበረው? አይቶ አላወቀውም? ገና አልታወቀም። ሁሉም ነገር በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፣ ያቺ ቃል ደግሞ በእኔ እጅ ናት። አድማጩ እስከዚያ ድረስ ይጠብቀኛል። ብዙ ካስጠበቅኩት ግን ይሄዳል። በሕግ ጽሑፍና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የሚያደክመን ይኸው ነው። ግሱ ከስድስት መስመር በኋላ ሲመጣ መነሻው ተረስቷል።

በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ፖል ስሎቪክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ለሰዎች 5 ዶላር ሰጥተው፣ ከዚያ ላይ ለተራቡ መለገስ እንደሚችሉ ነገሯቸው። አንዱ ቡድን ስለ አፍሪካ ረሃብ ቁጥሮችን አነበበ። ከቁጥሮቹ አንዱ የእኛ ነበር፤ በኢትዮጵያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ሌላው ቡድን ሮኪያ ስለምትባል የ7 ዓመት የማሊ ልጅ ብቻ አነበበ። ስለ ሮኪያ ያነበቡት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ። ቁጥሮቹን ያነበቡት 1.14። የልጅቷን ታሪክና ቁጥሮቹን አንድ ላይ ያነበቡት ደግሞ 1.43 ብቻ። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ድንኳን ውስጥ ያየሁት ነገር በሳይንስ የተረጋገጠ መሰለኝ። እዚያው 11 ሚሊዮን የሚለው ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ያኔ አላሰብኩም።

ሙሾ አውራጆች ይህን ሁሉ ያለ ጥናት ያውቁታል። ይርጋለም ልጅ ሆኜ የማስታውሳት አንዲት ሴት ነበረች። ከማውረዷ በፊት የቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ ትጠይቃለች። የት ይቀመጥ ነበር? ሲገባ ማንን ይጠራ ነበር? ከዚያ ስታወርድ ወንበሩን ትጠራለች፣ ከዘራውን፣ የሚገባበትን በር። «ጥሩ ሰው» የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም።

ከቁልፉ በኋላ ግን አበዛሁት። ለሁሉም ሟች ቁልፍ መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ቁልፍ አልበቃ አለኝ፣ አምስት ስድስት እጨምራለሁ። ስኒው፣ ጫማው፣ የቆረሰው ዳቦ፣ የተከለው ዛፍ። አንዴ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። የሚያነቡት የዕድር ዳኛ ሁለተኛውን ገጽ ዘለው ሦስተኛው ላይ ሲገቡ ማንም አላወቀም። እሳቸውን አልወቅስም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ሁሉም ነገር ሲያበራ የሚታይ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ አሥር ነገር ቢነግረኝም አንድ ነው የማስቀረው። መምረጡ ከመጻፉ የበለጠ ሌሊት ይወስድብኛል።

እንቆቅልሽም አስተምሮኛል። «እንቆቅልሽ» ይላል ጓደኛዬ። «ምን አውቅልህ» እላለሁ። መልሱ ሲጠፋኝ «ሀገር ስጠኝ» ይላል። ዲላን እሰጠዋለሁ፣ አልፈልግም ይላል። ሻሸመኔን እሰጠዋለሁ፣ አልፈልግም። አዲስ አበባን ስሰጠው ደስ ይለዋል፣ መልሱንም ይነግረኛል። ጸሐፊ አንባቢውን የሚያቆየው በዚህ ነው። መልሱን ይይዛል፣ አንባቢው ጊዜውን ይከፍለዋል። ዛሬ ስልኬ ላይ «ያልተጠበቀው ነገር ተፈጠረ» የሚል ርዕስ ይመጣል። ከፍቼ ሳነብ ምንም የለም። ሀገር ተቀብሎ መልሱን ሳይነግሩ መሄድ ማለት ነው። በልጅነታችን እንዲህ ካደረገ ልጅ ጋር ደግሞ የሚጫወት አልነበረም።

አሁን ስለ አንቱታ ልንገራችሁ፤ ይህ የቋንቋችን ነገር ብዙ ጊዜ ያስደንቀኛል። አንድ ዓመት የ20 ዓመት ባጃጅ ነጂ በአደጋ ሞተ። እኔ ከልማድ «ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አረፉ» እያልኩ ጻፍኩ። ለእናቱ ሳነብላቸው እጄን ያዙኝ። «ልጄን አንቱ ብለህ አታርቅብኝ» አሉ። ሁሉንም ቀየርኩት። ተወለደ። ተማረ። ሞተ። አንድም ሐሳብ አልቀየርኩም፣ የግሶቹን መጨረሻ ብቻ ነው። ወረቀቱ ግን ሌላ ሆነ። አንቱታው ሲነሳ ሟቹ የሁሉም ልጅ ሆነ።

ይህ መሣሪያ ሰው ሲወድ ብቻ አይሠራም። አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ተራኪው አንድን ባለሥልጣን እሳቸው እያለ ቆይቶ በአንድ ምዕራፍ ላይ እሱ ማለት ቢጀምር፣ ምንም ሳይሳደብ አዋርዶታል። ዜናም ላይ ልብ በሉ። ኃላፊው «ገለጹ»፣ «አስታወቁ» ይባላሉ። ሾፌሩ «ተናገረ» ይባላል። ክስ ካለበት ደግሞ «አመነ» ወይም «ካደ»። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ነው የተናገሩት። አንባቢው ግን ማንን እንደሚያምን ግሱ አስቀድሞ ነግሮታል። አንባቢው ይህን አያየውም፤ እኔም ለብዙ ዓመት ሳላይ ነው የጻፍኩት።

ሬዲዮን ሳላነሳ አላልፍም። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምታውቀው በሬዲዮ፣ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በንጉሡ መንግሥት ትልልቅ ቦታ ላይ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በመጽሐፉ ውስጥ የባላባቱን ሥርዓት የሚተቸውን ቃል የሰጡት ለማን ነው? የሀገሩ ሰው እብድ ለሚለው፣ ጉዱ ካሳ ብሎ ለሚጠራው ለካሳ ዳምጤ። እናቴ መጀመሪያ ላይ ጉዱ ካሳ ሲመጣ ትስቅ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሰዉ ሁሉ እንደሚስቅበት ማለት ነው። እብድ ነው ብላ ስለምታስበው ንግግሩን ሳትጠነቀቅ ትሰማዋለች። ከዚያ አንድ ምሽት ቡና እየቆላች «ይሄ እብድ እኮ እውነቱን ነው» አለች። መቁያው ላይ ያለውን ቡና ማማሰል ትታ ነበር። ደራሲው ያን ሐሳብ በራሳቸው ድምፅ ቢነግሯት ትከራከራቸው ነበር። ባላባትን ማክበር ያደገችበት ነው። ከእብድ ጋር ግን ማን ይከራከራል? ሐሳቡ በዚያ በኩል ገባ። ከዚያ ምሽት በኋላ ስለ ዘር ቆጠራ ስታወራ አነጋገሯ የቀድሞው አልነበረም።

ሰምና ወርቅ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ሁለት ትርጉም ነው። እኔን ግን የሚስበኝ የአንጥረኛው ሥራ ነው። አንጥረኛ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል። በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው እሳት ላይ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ውስጡ ባዶ ይቀራል። ወርቁ የሚፈሰው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ከጽሑፍ ተትቶ የሚቀረው ነገርም እንዲሁ ቅርጽ ይሰጣል። ይህን እንደ ጥሩ ምሳሌ ለሰው እናገር ነበር። ምን እንደምናገር የገባኝ ግን የዛሬ 3 ዓመት ነው።

አንድ የታወቁ ነጋዴ አረፉ። ቤታቸው ትልቅ ነው፣ ግቢው በመኪና ሞልቷል። ልጆቻቸው ሳሎን ተሰብስበዋል። «ስንት ልጆች?» አልኩ። «አምስት» አለ ታላቁ። ትንሽ ፈጠን ብሎ ነው የመለሰው። ስድስተኛ ልጅ እንዳለ እኔ ሰምቼ ነበር። ከጋብቻቸው በፊት የተወለደ፣ እናቱ ጋ ያደገ ልጅ ነው። አልጠየቅኩም። አምስት ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ እንደለመድኩት አንድ የሚታይ ነገር ፈለግኩ። አንዷ ልጃቸው ነገረችኝ። አባቷ እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ሰብስበው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይወስዷቸው ነበር። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጠብሶ ሲመጣ እሾኩን አንድ በአንድ ለቅመው ያበሏቸዋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከኋላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ልጆቹ አጥንቱን ይወረውሩላቸዋል። እሳቸው የሚበሉት የመጨረሻው ልጅ ሲጠግብ ነው። ጻፍኩት። በደንብ አድርጌ ጻፍኩት። «የዓሣውን እሾክ ለልጆቻቸው በጣታቸው ለቅመው ሳይጨርሱ አንድ ጉርሻ አይቀምሱም ነበር።»

ቀብሩ ላይ ወረቀቱን እኔው እንዳነበው ቤተሰቡ ለመነኝ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነን። «የ5 ልጆች አባት» ስል ቀና አልኩ። ለምን ቀና እንዳልኩ አላውቅም። ከሕዝቡ ወጣ ብሎ ዛፍ ሥር አንድ ወጣት ቆሟል። ጥቁር ለብሷል። ግንባሩና አፍንጫው ቁርጥ ሟቹን ነው። ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። እሾኩ ጋ ስደርስ ሰዉ አለቀሰ። ታላቁ ልጅ ጉልበቱ ከዳው፣ ደገፉት። እንደገና ቀና ስል ዛፉ ሥር ማንም አልነበረም።

ከሰልስቱ በኋላ ሱቄ መጣ። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ያነበቡትን አንድ ኮፒ ይሰጡኛል?»

ፋይሉን ከፈትኩ። ፕሪንተሩ እስኪሞቅ ሁለታችንም ዝም አልን።

«ስለ ዓሣው የጻፉት እውነት ነው» አለኝ። «እኔንም ወስዶኛል። አንድ ቀን። ለእኔም እሾኩን ለቅሞልኛል።»

ወረቀቱ ወጣ። ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ስንት ነው?» አለ። «ምንም» አልኩት። አመስግኖኝ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እንቅልፍ አጣሁ። መጀመሪያ ራሴን የወቀስኩት በቁጥሩ ነበር። አምስት ያልኩት ቤተሰቡ አምስት ስላለኝ ነው ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። ቆይቶ ግን የባሰው ታየኝ። ወረቀቱን በድሮው ቀመር ጽፌው ቢሆን «የ5 ልጆች አባት» ከሌሎቹ ዓረፍተ ነገሮች ጋር ነፍሶ ያልፍ ነበር። ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን አጠገቡ እሾክ የሚለቅም አባት አስቀመጥኩ። ሰዉ ፍርዱን ራሱ ሰጠ። ልጆቹን ሁሉ አብልቶ የሚበላ አባት ነው አለ። እሾኩን ያመነ ሰው ቁጥሩንም አብሮ አመነ። እሾኩ ሐሰት ቢሆን ያ ልጅ ንቆ ይሄድ ነበር። እውነት በመሆኑ ነው እዚያ መቆም ያቃተው።

ያን ጥናት እንደገና አወጣሁት። በዚህኛው ጊዜ ሮኪያን አልፌ ከ11 ሚሊዮን በላይ የሚለው ላይ ቆየሁ። በዚያ ቁጥር ውስጥ የእኔ ሰዎች አሉ። እኔ ከማውቃቸው እናቶች አንዷ ልትኖርበት ትችላለች፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር የቋጠረች። ስለ እሷ የጻፈ የለም። መብራቱ አንዲት ልጅ ላይ ሲወድቅ ሌላው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ቀረ፣ እጅም ከኪስ የወጣው ለበራላት ልጅ ነው። መብራቱን የያዘው ደግሞ የጻፈው ሰው ነው።

አሁን አንድ ጽሑፍ ሲያስለቅሰኝ ካነበብኩ በኋላ ተመልሼ ወደ መጀመሪያው እሄዳለሁ። ማን ስም እንደተሰጠው አያለሁ። ማን «አንድ ግለሰብ» ተብሎ እንደቀረ። ማን አንቱ እንደተባለ፣ ማን እንዳልተባለ። የቲክቶክ የእርዳታ ቪዲዮ ይሁን የፖለቲካ ጽሑፍ፣ ሲነካኝ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ከዛፉ ሥር የቆመ ሰው እፈልጋለሁ። ቁልፍ መፈለጉን አልተውኩም። ልተወውም አልችልም፤ ያቺ ሴት ነጠላዋን ይዛ ስትወጣ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም።

ባለፈው ወር ሌሊት ላይ ተጠራሁ። አቶቴ አካባቢ ነው። ቡና ተቀድቶ ነበር፣ ማንም አልነካውም። ቀኖቹን ጻፍኩ። «ስንት ልጆች አሏቸው?» አልኩ።

«አራት» አለኝ ወንድማቸው።

ጻፍኩ። ከዚያ «ሌላስ?» አልኩ።

ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጀመርኩት ካለፉት 3 ዓመታት ወዲህ ነው። ብዙ ጊዜ «በቃ፣ እነዚሁ ናቸው» ይሉኛል፣ እንቀጥላለን። በዚያ ሌሊት ግን ወንድምየው ወደ እህቱ ዞረ። እህቱ ደግሞ ወደ ሟቹ ሚስት አየች። እስክሪብቶዬን ደብተሩ ላይ አስቀመጥኩና ስኒዬን አነሳሁ።